ክዳኑን አትክፈት

ኔስታ፣ የላክሽልኝ ያ ድስት ደረሰኝ፤
ካርቶኑን ስከፍተው ሣቄ ነው የመጣኝ።
ሆዱ የሸክላ ነው፣ ልብሱ የብረት፣
እግር የሌለው ዔሊ፣ ባለ ሽቦ ጅራት።
ባንቺ እጅ፣ በቀይ ተጽፎ፣
ክዳኑ ላይ ተለጥፎ፦
«ኢድዋል፣ አንተ ችኩል፣ አንዴ ስማኝ በቃ፤
ክዳኑን አትክፈት ጊዜው ሳይበቃ።»

እውነትሽን ነው። እኔ ቋሊማ ስጠብስ
እሳቱን ለቅቄ እስከ ጫፉ ድረስ፣
ውጩ ከሰል መስሎ፣ ውስጡ በረዶ፣
ስንቱን በላሁ ቆሜ፣ ምላሴ ነድዶ።
አባታችን ድንጋይ ሲሰነጥቅ፣ ሳያሳርፍ መዶሻውን
ያዳምጥ ነበር፣ ድንጋዩ እስኪያሳየው መስመሩን፤
ትዕግሥቱን ላንቺ አወረሰ፣
ለኔ የደረሰኝ ሳሉን።

ሰኞ ሌሊት ተነሣሁ፣ ብላይናይን ዝናብ ሲደበድብ፣
ጣሪያውን፣ የጥቁር ድንጋዩን ድርብርብ።
የበግ አንገት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት፣
ውሃ እስከ ከንፈሩ፤ ሰካሁና ተውኩት።
ቀኑን ሙሉ አውቶቡሴ ውስጥ፣ በተማሪ ጫጫታ፣
ምራቄን እየዋጥኩ ጠበቅሁ፣ እስኪመጣ ማታ።
ማታ ሥጋው ገርጥቶ ተኝቷል፤ ድስቱ ቀዝቃዛ ነው።
ሰክቼዋለሁ ኔስታ፤ ማብሪያውን ግን ማን ያዙረው!

ማክሰኞ አዞርኩት። «ዝቅተኛ» ላይ አቆምኩት።
ልጆቹን አድርሼ ረፋድ ላይ ቤት መጣሁ፣
አንዴ ብቻ ብዬ ክዳኑን አነሣሁ።
እንፋሎቱ ወጣ፣ መነጽሬን ሸፈነ፣
ካሮቱን ወጋሁት፣ ካሮቱም ጨከነ።
ሻይ ጠጣሁ፤ ከፈትኩት። ምሳ በላሁ፤ ከፈትኩት።
በሹካ፣ በማንኪያ ሰላም እየነሣሁት።
ለካ አንድ ጊዜ ሲከፈት ግማሽ ሰዓት ይሞታል፤
(ማብራሪያው ላይ አለ፤ ማን ማብራሪያ ያነባል?)
ማታ ድንቹን ነከስኩት፤ የጣሪያችን ድንጋይ!
ዳቦ በአይብ በላሁ፣ ቆሜ መስኮቱ ላይ።

ረቡዕ ወረቀትሽን እንደ ልጅ አጠናሁ፣
ድንቹን ከሥር አንጥፌ ሥጋውን አስተኛሁ፤
ውሃው ሁለት ጭልፋ፣ ሥጋውን ሳይነካ፤
አትክልት ላቡን አውጥቶ፣ ራሱን ያበስላል ለካ።
ማብሪያውን አዞርኩት፤ ቀይዋ መብራት በራች፤
ከራሴ ሸሽቼ ወጣሁ፤ ብቻዋን ቀረች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ድልድዩን ዋጠው፤
አሥራ አንድ ልጅ ይዤ ቆምኩ፣ ጎርፉ እስኪበርድለት፣ እስኪቀለው።
ከፊትም ከኋላም ጥሩምባ፤ ሹፌሩ ሁሉ ያብዳል፤
ያረረበት ያማስላል።
እኔ፣ ታውቂኛለሽ፣ ቀይ መብራት የሚያሳምመኝ፣
እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ፣ ፉጨት ቢጤ መጣልኝ።
ማብሊ፣ ያቺ ጠያቂዋ፣ ከኋላዬ ተነሥታ፣
«ዛሬ ለምን ጥሩምባ አትነፋም?» አለች በዝግታ።
«ቤት ድስት ጥጃለሁ።» «ያርርብሃላ!» «አያርርም፤
እኔ በዘገየሁ ቁጥር እሱ አይከፋውም።»
አሰበች፣ አሰበችና፣ «ታዲያ እናቴ ለምን ትጮኻለች?»
መልስ አልነበረኝም። ዝናቡን ማየት ጀመረች።

ልጆቹን ለየደጃቸው መልሼ፣ ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ፣
ሦስት ሰዓት ካለፈ ደረስኩ፤ ሽታው ደረጃው ላይ ነበር፣ ሊቀበለኝ መጥቶ።
መስኮቱ ላብ አልብቶታል፤ ቀይዋ እንደ በራች ናት፤
ሥጋው አጥንቱን ለቋል፣
ያለ ጠብ፣ ያለ ንትርክ፣ ያለ ፍርድ ቤት።

ታውቂው የለ ቴጊድን፣ ታች ቤት የሚኖረውን፣
አሥር ዓመት ሙሉ የእግሬን ኮቴ የሚከስሰውን፤
ሳህኑን ይዞ መጣ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፤
«ካውል ነው?» አለ። «ካውል ነው» አልኩት። ተቀምጦ ቀደመኝ።
ዝም ብለን በላን። ዝናቡ ብቻ ያወራል።
ሁለተኛው ሳህን ላይ ቀና ብሎ ያየኛል፦
«ጨው የለውም።»

እውነቱን ነው።
የጨው ዕቃው ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደ ተከደነ ነው።
ኔስታ፣ ክዳኑን አትክፈት ስትይ፣
የሱንም መስሎኝ ነው።