የቀርከሃ አጥንት

በሙጬ ብየዳ፣ ከግሽ ዓባይ ጓሮ፣
ፎኒክስ ተሰቅሏል፣ ወገቡ ተሰብሮ።
ሦስት ጊዜ ተበይዷል፣ ጠባሳው ያበጠ፣
ቀለሙ በሐይቁ ጤዛ የተላጠ፤
ስንቱ አሣ በኬሻ፣ ሙሽራ ጭኖበት፣
በዘንባባው ጥላ፣ ድልድይ ያለፈበት።

«ብረትስ ሲደክመው፣ አስቀድሞ ያቃስታል፤
አሉሚኒየም ግን፣ ዝም ብሎ ይሞታል።»

ትናንት ይርሳው መጣ፣ ቀርከሃ ተሸክሞ፣
አንጓውን ካንጓው ጋር፣ በቃጫ ጠምጥሞ።
ሙጬ ሳቀ፦ «ይህማ፣ ታንኳ ነው ወይ ሳይክል?»
ያባቱ እንጀራ ግን፣ ነበረ ከደንገል።

ሳቁን ዋጠውና፣ በጥፍሩ ቢመታው፣
እንደ ዋሽንት ባዶ፣ ከውስጥ አቤት አለው።

«ታንኳ ውሃ ሲጠጣ፣ ዕድሜው አንድ ክረምት፤
ያንተስ?» አለ። ፈታ፣ ከብረቱ አጥንት
ሁለቱን ጎማ።