እስከ ክርን

የበልጉ መጀመሪያ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጅሬን ላይ ሲያወርድ፣
እኔ ከቆርቆሮው ሥር የምሰማው ሌላ፤ የጊቤን መንገድ።
አዌቱ የጅማን ፌስታልና ነጠላ ጫማ ተሸክሞ ያልፋል፣
ቦዬ ላይ ይተኛል፣ ቄጠማ ያቅፋል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ግልገል ጊቤ ነው እኔን የሚጠራኝ፣
ዓሣው አይደለም፣ ውሃው ነው በቅድሚያ ሥራ የሚሰጠኝ።

ማታ ከዳሩ ላይ ተክዬው ያደርሁት እንጨት፣
በቢላ ቀርጬበት ሦስት ምልክት፣
አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ሁለቱን ውጦታል።
ግንዲላው፣ ቅጠሉ፣ የሰው ሸንኮራ እንኳ ሲጋልብ ይታያል።
"ዛሬ ተመለሱ" ይላል እንዲህ ያለ ወንዝ፣
የማይሰማው ሰው ነው በማግሥቱ የሚገነዝ።

አንድ ቀን ቆየሁ።
ሁለተኛም ቀን ቆየሁ።
በሦስተኛው ንጋት፣ ጭጋግ ከሸንበቆው ሳይላቀቅ ገና፣
እጅጌዬን ጠቅልዬ ክንዴን ሰደድሁና
ጣቶቼን ፈለግሁ።
ጣት አለ። አንጓ አለ። ክርኔም አለ።
ውሃው ብርዝ መስሎ፣ ከሥሩ ጠጠሩ አንድ በአንድ ተቆጠረ።
ተማም አባ ፎጊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስተማረኝ ነው ይህ፦
"ጣትህ ካልታየህ ሂድ፣ ዓሣውም አያይህ።
አንጓህ ከታየህ ቁም፤ ክሩን አርዝመህ ጣል።
ክርንህ ከታየህ ግን እግርህን ጠብቅ፤ ሰው ቤት ገብተሃል።"

ቤቱ ጠጠሩ ነው። ከጊቤ ጥልቀት ወጥታ፣
በገባሩ አፍ በኩል ዝናቡን አሽትታ፣
ቢልጫ የምትመጣው ትል ፍለጋ አይደለም፣ ሆዷ ሞልቷል፤
በጅራቷ የጠረገችው መደብ ንጣቱ ያስታውቃል፣
ከዳር ቆሞ ላየው፣ የታጠበ ሰሃን የወደቀ ይመስላል።
እዚያ ላይ አይረገጥም።
ሕግ ጽፎ ዛፍ ላይ የሰቀለ ግን የለም።

እኔ ከመደቡ ርቄ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከአዙሪቱ ጫፍ፣
ለአምባዛ ነው ብዬ የጣልሁት መንጠቆ፤ እሷ ያዘች በአፍ።
ክሩ ሲጎትተኝ ክብደቷ ገባኝ፤ አራት ኪሎ ታልፋለች፣
የእትዬ ስንዱን ሆቴል የቅዳሜ ጥብስ ብቻዋን ታበቃለች።
ከውሃ ሳላወጣ ሆዷን በመዳፌ ደገፍ ሳደርጋት፣
ዕንቁላል ፈሰሰ በጣቶቼ ክፍተት፤
ቢጫ፣ ሰናፍጭ የሚያህል፣
አንዱ ጥፍሬ ላይ ቀርቶ ብርሃን ያሳልፋል።

ዋጋዋን አስቤአለሁ። አልዋሽም፤ ሁለቴ አሰብሁ።
የኪራዩንም ቀን። ከዚያ መንጠቆውን ነቀልሁ።
ፊቷን ወደ ሞገዱ አዙሬ ያዝኋት፣
የጉንጯ ክዳን ረጋ ብሎ እስኪከፈት።
ሄደች። መለስ ብላም አላየች፣
ውሃ በላይዋ ሲዘጋ፣ እንዳልነበረች ሆነች።

ከማዶ ነዚፍ መጣ፣ የተማም የልጅ ልጅ፤ ጆንያ በትከሻው።
ሽታው ቀደመው፤ የተወቀጠ ብርብራ ነው።
እኔም በዚያ ዕድሜ አንድ እፍኝ በትኜ፣
ገባሩን በሙሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አስገልብጬ አይቼ፣
ትንሽ ከትልቁ ነጭ በነጭ ሆኖ፣
ከቅርጫቴ የተረፈው ዳር ለዳር በስብሶ፣
ሦስት በልግ ሙሉ የመጣ የለም።
ይህን አልነገርሁትም፤
ምክር ሰምቶ ዱቄቱን የሚደፋ ጎረምሳ አላየሁም።
"ስንት ነው?" አልሁት።
"ዓሣው?"
"ዱቄቱ።"
ሳቀ፣ መቀለዴ መስሎት።
ኪሴ ውስጥ መቶ ሃያ ብር ነበረ፤ የዝናብ ልብሴን ጨመርሁ፣
ጆንያውን ተሸክሜ፣ ከውሃው ርቄ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርሁ።
ነገ ሌላ ይወቅጣል፤ አውቃለሁ። ዛፉ ብዙ፣ ፍሬውም በነፃ ነው።
እኔ የገዛሁት ዛሬን ብቻ ነው።

እትዬ ስንዱ በር ላይ ቆማለች፣ መጥበሻ ጥዳ።
"ባዶህን?"
"ወንዙ ደፍርሶ ነው" አልኋት።
ክንዴን አየችው፤ እስከ ክርኔ ድረስ የደረቀ አሸዋ፣
አንድ ቢጫ ፍሬ ከጥፍሬ ጥግ አለ።
ምንም አላለችም።
ድንች ልትልጥ ገባች።