ከመሸ የመጣ ፊት

ሃያ አራት ካሬ ቀለም ሰሌዳዬን ይዤ፣
ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቀትርን ተመርኩዤ፣
ካሜራዬን ቀለም አስቆጠርኩት፤ አወቀ፤
«አለቀ» አልኩ በልቤ፤ መች እሱ አለቀ!

ማታ ዳንጊሶ መጣ፣ ለመታወቂያ ፎቶ፤
«አሞኛል እንዴ?» አለኝ፣ አረንጓዴ ፊቱን አይቶ።

አላመመህም ጋሼ፤ የታመመው እሱ ነው፣
ከመናኸሪያ ጉሊት በርካሽ የሸመትኩት፣
ነጭ መሳይ አምፖል፤ ቀይ የሌለው በሆዱ።
ያልበራውን ቀለም
በምን ሂሳብ ላውጣው፣ በየት በኩል መንገዱ?

ፈትቼ ጣልኩትና
ያቺን ባለ ክሯን፣ የምትግለዋን ሰቀልኩ፤
ሰሌዳውን ከወንበሩ፣
ጉንጩ ከነበረበት ተከልኩ።

ዳንጊሶ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ባርኔጣው በእጁ።
«የሐይቁ ፀሐይ አነሰችህ?»

አላነሰችም ጋሼ፤
አንተ ግን የመጣኸው
ከመሸ።