ሁለት ኪሎ ለውሃ

ሐፑታሌን ማለዳ ጉም ይውጠዋል፣
እኩለ ቀን ሲተፋው ሻይ ብቻ ይታያል፤
ሻይ እስከ ሰማይ ጥግ፣ ከሻዩ ሥር ሴቶች፣
በጀርባቸው ቅርጫት፣ በእግራቸው አልቅቶች።
እኔ የዚያ እርሻ የሚዛን ቤት ጸሐፊ፣
የሴቶቹን ውሎ በእርሳስ አራጋፊ።

ሃያ አንድ ቢመዘን ሃያ አንድ አይጻፍም፣
የሹሙ ሒሳብ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፤
ሁለት ኪሎ ለውሃ፣ ሰማዩ ቢደርቅም፣
አንድ ኪሎ ለቅርጫት፣
ደግሞ አንዲት ኪሎ፣ ለምን እንደሆነች ሳላውቅ የምጽፋት።

ዮጋማላር መጣች፣
ካሜራ ታቅፋ ከጭነት መኪና ወረደች።
ካሜራው ያረጀ፣ ክዳኑ በክር የታሰረ፣
የአባቷ ሞተር ሳይክል ተሽጦ ነው ፊልሙ የተጀመረ።
«የሻይ ታሪክ ልሥራ» አለችው ሹሙን፤
የቱሪስት ማስታወቂያ መስሎት አበጠረ ጢሙን።

እሷ ግን ጢም አልቀረጸችም።
ፊትም አልቀረጸችም፤
«ፊት ከታየ ሥራ ይታጣል» ብላ፣
ከሚዛኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣
ሦስት ወር ሙሉ መርፌውን ጠበቀች፤
ከመርፌው ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ እጅ፣
ስም የሌለው እጅ፣ እርሳስ የያዘ እጅ።
የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ማታ በረድፍ ቤቶቹ መሀል
አንሶላ ተወጠረ፤ ነፋስ ገባውና እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል።
ጄኔሬተር አጓራ። ሙዚቃ የለው፣ ተራኪ የለው፣
ፊልሙ መርፌና እጅ፣ መርፌና እጅ ብቻ ነው፦
መርፌው ሃያ አንድ፤ እጁ ዐሥራ ሰባት።
መርፌው ዐሥራ ዘጠኝ፤ እጁ ዐሥራ አምስት።
እኔ ከኋላ ቆሜ ሣቅ መጣብኝ፣ ከፍርሃት።

ዝም አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ከበርሜል ላይ አንዲት ተማሪ
«አራት!» ብላ ጮኸች፤ «አራት!» አለች ሌላዋ፤
«አራት!» አለ ሰፈሩ፣ መርፌው በቆመ ቁጥር፣
እንደ ፊደል ቆጣሪ፣ እንደ አበዳሪ።

እናቴ ሴላማ ከፊት ነበረች፣
ቅርጫቷን ደፍታ የተቀመጠች።
የመሀል ጣቴ ጥፍር ጠማማ ነው፤
በሰባት ዓመቴ በር ጨፍልቆት፣
በእርድ አሽታ ያሰረችው እሷ ነች።
አንሶላው ላይ ጥፍሩ የሰው ቁመት አከለ።
ዞር ብላ አላየችኝም።
ሁሉም ብለው ሲጨርሱ፣ ብቻዋን፣ ቀስ ብላ፣
«አራት» አለች።

ሰኞ ዮጋማላር የለችም፤
በማዶው እርሻ ሌላ አንሶላ ትወጥራለች።
ካሜራ የለም። ሰልፉ ግን ከንፈሩን ሳያነቃንቅ ይቆጥራል።
የእናቴ ቅርጫት ሚዛን ላይ ወጣ፤
መርፌው ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣
ዐሥራ ስምንት።
ሹሙ አየኝ።
እርሳሴ ዶልዱሞ ነበር፤ በጥርሴ ሳልኩት፣
እንጨቱ መረረኝ።
ዐሥራ ስምንትም ዐሥራ አራትም የሚጀምሩት በአንድ ነው።
አንድን ጻፍኩ።