የአሞሌው አደራ

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ዓባይ ሳይሞላበት፣
ከባሶ ገበያ ወጥቶ ኸድር ጀበርቲው ቆመ ከኛ ቤት፤
አንዷ በቅሎ አንክሳ፣ ጭነት አልችል ብላበት
ሠላሳ አሞሌ ከደጄ አራገፈላት።
«እናርያ ደርሼ፣ ዝባዱን በቀንድ፣ ወርቁን በላባ ሥር
ይዤ እስክመለስ ድረስ፣ ጨዉ ካንቺ ጋ ይደር።»
ብራና አልተጻፈ፣ ዳኛ አልተጠራም፤
እሱ ወላሂ አለኝ፣ እኔ በማርያም።

ባሌ ያረደውን እሱ አይበላ፣ የሱንም ባሌ አይበላ፤
ሽሮ ነው ከአንድ ገበታ የሚያስቀምጠን ኋላ።

ክረምት ገባ። ጨው ያልበዋል፣ ጨው ያለቅሳል፤
ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት፤
ጭሱ ፊቱን ቢያጠቁር ልቡን ያደርቃል።

መስከረም ጠባ፣ አልመጣም። ዳግመኛ ጠባ።
ባሌ፦ «ሞቷል፤ በዚህ ጨው ከጋጣችን በሬ ይግባ።»
እምቢ አልኩ። ዓመት በዓሉም አልጫ ሆነ፤
አሞሌ ከራሴ በላይ ተደርድሮ
ወጤ ከጎረቤት ጨው ለመነ።

በሰባተኛው ጥቢ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ
«ሸምሱ ነኝ፣ የኸድር» አለ ከደጅ።
አባቱ ከጉድሩ ወዲህ፣ ከወንዙ ዳር ተቀብሯል፤
ነፍሱ ስትወጣ ስሜን ጠርቶ፣ ቁጥሩን ነግሮታል።

ጥቀርሻ የለበሰውን አንድ ባንድ አወረድኩ።
እሱ አልቆጠረም። እኔ ቆጠርኩ።

አንዱን በካራው ፋቀ፤ ከጥቁረቱ ሥር ነጣ፤
ፍርፋሪው እንደ አመዳይ ታይቶ
ሽሮዬ ውስጥ ሟሟና ታጣ።
ሦስታችንም ቀረብን።
ባሌ ብቻ «ጨው በዝቷል» አለ፣
ቀና ብሎ ሳያየን።