ስድስት ክብ

የእሳት አደጋው ጣቢያ መኪኖቹን አውጥቶ፣
ለድምፅ መስጫው ሳጥን ስፍራውን ሰጥቶ፣
ወለሉ ላይ ግን ያው የዘይቱ ጠብታ ቀርቶ፣
እኔ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ደረቴ ላይ ባጅ፤
ሰዉ በሰልፍ ቆሟል እስከ ጋራዡ ደጅ።
ሃስከል ፌሪ፣ አላባማ። ማለዳ። ካፊያ።

ግድግዳው ላይ፣ በአራት መርፌ የተሰካ፣
የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ፣ ጥጉ በማኅተም የተነካ፣
እንዲህ ይላል ባጭሩ፦
ወንበሩ ስድስት ነው፤
እያንዳንዱ መራጭ ስድስት ድምፅ አለው፤
ቢሻህ በትነው፣
ቢሻህ ሰብስበህ ባንዱ ላይ ደምረው።

አርባ ዓመት ከተማው በጅምላ ሲመርጥ፣
ከሐዲዱ ወዲህ ያለው ሲቆርጥ ሲፈልጥ፣
ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ተሰልፎ ሲወጣ፣
ለስድስቱም ወንበር ከዚያ አንድ ሰው ሳይመጣ፤
ማንም አልከለከለው፣ በሩም አልተዘጋ፣
ቆጠራው ነው የሚዘጋው፣ ሌሊቱ ሲነጋ።
ከመቶ ሠላሳው ሁልጊዜ ሠላሳ፤
ሰባው ሲያሻው ሲያስታውስ፣ ሲያሻው ሲረሳ።
ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ኬክ ይልካሉ ለለቅሶ፤
ውሃው ግን ከኦዴላ ጓዳ ይገባል፣ የቦዩን አፍ ጥሶ።

እና አንድ ቀን አንድ ሰው "በሕግ አምላክ!" አለ፤
በእንግሊዝኛ ነበር፣ በጠበቃ አፍ፣ ፋይል በፋይል ላይ እየቆለለ።
ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። አንደኛው ከሳሽ መሃል ላይ ሞተ።
ዳኛው ካርታ አስመጣ፤ ሊከፍል ሞከረ፣ ሊያሰምር፣ ተወ፤
በመጨረሻ ካርታውን አጥፎ ቁጥሩን ከፈተ።

ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ እንላለን እኛ።
እዚህ ተረቱ ተገለበጠ፦
ስድስት ሎሚ ለስድስት ሰው ጌጥ ሆኖ ባከነ፤
ላንድ ሰው ሲከመር ነው ሚዛን ላይ የመዘነ።

ኦዴላ ፕሩዊት ገባች።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳች፤
ዛሬም ከመቀመጧ በፊት
በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ታያለች፣ የቀረ ልጅ እንዳለ።
"ላስረዳዎ?" አልኳት።
"ልጄ፣ እስከ ስድስት መቁጠር አያቅተኝም" አለች።

መጋረጃው ወደቀ።
አላየሁም፤ ማየት ክልክል ነው።
ግን ሰማሁ።
በእኔ ቋንቋ ድምፅ አንድ ቃል ነው፣
የጉሮሮም፣ የሳጥንም፤
እና እስኪሪብቶው ክቧን ሲያጠቁር፦ ጭር።
ዝም።
ጭር።
ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ።
ስታመልጥ የነበረች ድመት እንደሚይዝ ሰው፣
ሳትቸኩል።

ሌሊት ተቆጠረ።
አምስቱ ወንበር እንደ ወትሮው፤
ስድስተኛው የቱርማን ኢዲ፣ የፓምፕ ጠጋኙ፣
በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ።
አሥራ አንድ ድምፅ ማለት
ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም።

በጥር የመጀመሪያው ስብሰባ።
ኢዲ ክራቫቱ አንቆታል፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ።
"ሐሳብ አለኝ" አለ። "ከሐዲዱ ወዲያ ያለው ቦይ ይጠረግ።"
"ደጋፊ?" አለ ሰብሳቢው።
ማሞቂያው አጉረመረመ።
አንዱ ሰዓቱን አየ።
አንዷ ውሃ ጠጣች፣ ብርጭቆዋ ባዶ ነበር።
"ሐሳቡ ደጋፊ ስላጣ ወድቋል።"

ከኋላ ረድፍ ኦዴላ ተነሣች።
"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አለቻት ጸሐፊዋን፤ "አንብቢልኝ።"
ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን አየች፤ ሰብሳቢው ጣሪያውን።
"አቶ ኢዲ ቦዩ እንዲጠረግ ሐሳብ አቀረቡ..."
"ፊደሉን።"
"ቦ። ይ።"
ኦዴላ ተቀመጠች፤
ከመቀመጧ በፊት ግን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አየች።

የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ነው።
ዝናብ ይጥላል ይላሉ።