ታኮ

ሐረጎን ስትወጣ የአባቴ መኪና
አህያ ይቀድማታል፤ ስታቃስት ገና
እኔ ዘልዬ ወርጄ፣ ታኮ ይዤ ከኋላ
በእግሬ እከተላለሁ የናፍታ ጭስ ስበላ።
«ሃምሳ ኩንታል ሽንኩርት ከከሚሴ ጭነን
መንገድ ላይ ይበቅላል፣ ደሴ ሳያገኘን»
እያለ ሰፈሩ በእኛ ሲስቅ ዋለ።
አባቴ ማታውን «ልቧን ልቀይር» አለ።

እናቴ ግን፦
«አጥንቷ ያው አጥንት፣ ፍሬኗ ያው አሮጌ፤
ልቧ ቢተልቅማ ማን ሊይዛት ነው፣ አራጌ?»
መልስ አልሰጣትም። ወጡ ላይ ጨው ነሰነሰ።

የዘሀራ ግቢ፣ ከቦርከና ማዶ፣
አንድ ኤንትሬ አለ፣ ጋቢናው ተጨማዶ፤
ጡሃ ባሏ ነድቶት፣ ሐረጎ ላይ ወድቆ፣
ሰውየውን ሰጥቶ ሞተሩን ጠብቆ።
ዋጋው ተቆረጠ፣ ብሩም ተቆጠረ፤
ሙህዬ መካኒኩ መፍቻውን ደረደረ፤
ኮፈኑን ቢያነሳ — ዶሮ ታቅፋለች።
ዘሀራም ብሩን ዘርግታ «ይኸው፣ ውሰዱ» አለች፤
«አሥር ቀን ቀርቷታል፣ ይህንን ብረት ላይ
ዳግመኛ ከነፍሱ ሲነቀል አላይ።»
አባቴ ጠበቀ። በአሥራ አንደኛው ጠዋት
ሰባት ጫጩት ቆጠርን፤ ስምንተኛው ግም ወጣ፣ ጣልናት።

በሰው አይሱዙ መጣ። ከጓሯችን ዋርካ
በፓራንኮ ሰቀልነው፤ መንደርተኛው ለካ፣
ገመተ፣ ተከራከረ፤ እንደ ቅርጫ ሥጋ
ሦስት ቀን ሲወዛወዝ መሸና ነጋ።
የድሮው ልብ ወጥቶ አጥሩ ሥር ወደቀ፤
እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች፣ እስኪደርቅ። አልደረቀ
ዘይቱ ግን፤ ነጠላዋ ጥለት ሌላ አወጣ።

እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ፤ «እዚህ!» ሲሉኝ እዚያ
ሳበራ፣ ስሰደብ፣ አለቀ ሚያዝያ።
አልገባም። አራት ጣት ያህል ተረፈ፤
ሙህዬ በጠመኔ ለካ፣ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፤
ራዲያተሩ ተገፋ፣ ወለሉ ተቆረጠ፤
የእናቴ የጓሮ በር ተበይዶ፣ ሱፖርት ሆኖ ተቀመጠ።
(እስከ ዛሬ በር የለንም። የሰው ፍየል ትገባለች።)
ስድስት ቡሎን ተረፈ፤ ከየት እንደነበሩ
ሳይነጋገሩበት በጣሳ አኖሩ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣
«ቢስሚላሂ» አለ፤ አየር ወጣ ከናፍታ፤
ቁልፉ ዞረ። ሳል።
ጭስ። እንደገና ሳል።
ከዚያ ዋርካው ላይ ያደረው ወፍ ሁሉ ነጎደ፤
የጎረቤት ብርጭቆ ከመደርደሪያ ወረደ።
አባቴ አልሳቀም። መዳፉን ኮፈኑ ላይ
አሳረፈ፣ እንደ ልጅ ግንባር፣ ትኩሳቷን ሊያይ።

ዘሀራ በሻሿ ብቻ፣ ቦርከናን ተሻግራ፣
በር በሌለው በር ላይ፣ ማንንም ሳትጠራ
ቆመች።
«ጡሃ ሲመጣ እኮ፣ ገና ድልድዩ ጋ፣
ይህን ስሰማ ነበር ክብሪት ፍለጋ...»
አልጨረሰችውም። ሙህዬ ሞተሩን አጠፋ።

ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ወጣናት ሰኞ ዕለት፤
አህያው ጥጉን ያዘ፣ ነጂው ቆመና አየለት፤
ሽንኩርቱም አልበቀለ። ደሴን በጠዋት ገባንባት።
ጡሃ የወደቀበት ኩርባ፣ አባቴ ክላክስ ነፋ፤
ማርሽ ሳይለወጥ፣ ዳገቱ ሳያልቅ፣ የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ጠፋ፣
ወይም መሰለኝ።

መልስ ላይ ባዶ ነን። ቁልቁለት። ፍሬኑ ያው አሮጌ፤
በአንደኛ ማርሽ ወረደ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አራጌ፤
አህያው መልሶ ቀደመን።
እናቴ ልክ ነበረች፤ አባቴ ግን አይነግራትም።
እኔም ታኮዬን፣ ከእግሬ ሥር፣ እስካሁን አልጣልኳትም።